የመንግሥት ድረ ገጽ የባለጉዳይ ደጃፍ ነው



ዛሬ ላወሳላችሁ ያሰብሁት ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ አሠራርና ስለ ወጣለት መስፈርት ነው። ርእሱን ስትሰሙ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ «ይህማ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን በመዝገብ ቤትና በአስተዳደር ክፍል ያለነውን ሠራተኞች ምን ያገባናል» ሳይሉ አይቀሩም። እኔም አስቀድሜ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገሩን ቀርቤ ስመለከተው ግን፥ ድረ ገጽ የሚበላሸውም የሚቃናውም ከባለሙያው ኮምፒዩተር ይልቅ በእኛው የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ማስታወቂያውን የሚያረቅቀው፥ ቅጹን የሚያዘጋጀው፥ «ይህ ወረቀት ይለጠፍ» ብሎ የሚመራው ከእናንተው አንዱ ነውና።

አባቶቻችን ጉዳይ በገጠማቸው ጊዜ ደጅ ይጠኑ ነበር። ደጅ መጥናት ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ፥ ምን ያህልም ክብር ይፈጅ እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ያልሰማ የለም። የዘመናዊ አስተዳደር ዓላማ ይህን ማስቀረት ነው፤ ባለጉዳዩ የሚገባውን ነገር ሳይለምንና ሳይመላለስ እንዲያገኝ ነው። ዛሬ ከገጠር ተነሥቶ ወደ ከተማ ለመምጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ስልኩን ያወጣና የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ይከፍታል፤ ምን ማስረጃ ይዞ መምጣት እንዳለበት፥ በየትኛው ቀን፥ ወደ የትኛው ቢሮ መሄድ እንደሚገባው ከዚያ ለማወቅ ይሞክራል። ስለዚህ ድረ ገጹ የመሥሪያ ቤቱ ጌጥ አይደለም፤ የመጀመሪያው ደጃፉ ነው። ደጃፉም ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ተዘግቶ ከተገኘ፥ ደጅ ጥናቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም ማለት ነው።

አንድ የማውቀው መምህር አለ። የዓይኑን ብርሃን ያጣው በልጅነቱ ነው። ኮምፒዩተሩ በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከታተለ በድምፅ ያነብለታል፤ እርሱም በዚህ መሣሪያ እየተረዳ ጋዜጣ ያነባል፥ ደብዳቤ ይጽፋል፥ የተማሪዎቹን ውጤት ይመዘግባል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት በሙያው ሠራተኛ እንደሚፈልግ ከባልደረባው ሰማና ድረ ገጹን ከፈተ። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱን ስም አነበበለት፤ ማውጫውንም አነበበለት። ማስታወቂያው ላይ ሲደርስ ግን «ሥዕል» ብሎ ዝም አለ። ምክንያቱም ማስታወቂያው ተጽፎ፥ ተፈርሞ፥ ማኅተም ተደርጎበት፥ ከዚያ በኋላ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። የሚፈለገው የትምህርት ደረጃ፥ ደመወዙ፥ የመመዝገቢያው ቀን፥ ሁሉም በዚያ ሥዕል ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። መምህሩ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ጠበቀ። ልጁ አመሻሹ ላይ መጥቶ የመጨረሻውን መሥመር ሲያነብለት፥ ምዝገባው በዚያው ዕለት በ11 ሰዓት ተፈጽሞ ኖሯል።

በዚህ ነገር ማንም ሊበድለው አላሰበም። ጸሐፊዋ የታዘዘችውን ፈጸመች፤ አለቃውም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይታመናል ብሎ አሰበ፤ ባለሙያውም የተሰጠውን ለጠፈ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ወረቀት አስቀድሞ በኮምፒዩተር የተጻፈ መሆኑ ነው። ጽሑፉን እንዳለ ወደ ገጹ ለማዛወር ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እንግዲህ መስፈርት የሚያስፈልገው ለክፉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ መልካም ሰዎች ሳያስቡት ሰውን ከደጅ እንዳያስቀሩም ነው።

መስፈርት ማለት ሁሉም የተስማማበት መለኪያ ነው። በየገበያው ያለው ቁና አንዱ ካንዱ የተለያየ በሆነ ጊዜ የሚጎዳው ሁልጊዜ የማያውቀው ገዢ ነው፤ ኪሎና ሜትር የታወጁትም ገዢውም ሻጩም በአንድ ልክ እንዲዳኙ ነው። ለድረ ገጽም እንዲህ ያለ መለኪያ ወጥቶለታል። የዓለሙን ድር የጋራ ደንብ የሚያወጣ፥ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ይህ ማኅበር ድረ ገጾች ለሁሉም ሰው፥ ይልቁንም የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች፥ ተደራሽ የሚሆኑበትን መመሪያ መጀመሪያ በግንቦት 1999 አወጣ፤ ሁለተኛውን በታኅሣሥ 2008፥ ከዚያም የተሻሻሉትን በሰኔ 2018 እና በጥቅምት 2023 አሳተመ። ወራቱም ዓመታቱም የአውሮፓውያን ናቸው፤ ከዚህ በታች ለውጭ አገር ነገር የምጠቅሳቸውም እንዲሁ ናቸው።

ይህ መመሪያ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፥ በገጹ ላይ ያለው ነገር በዓይን ባይታይ በጆሮ፥ በጆሮ ባይሰማ በዓይን ሊደረስበት ይገባል። ሁለተኛ፥ ማንም ሰው እጁ በሚችለው መሣሪያ ሊሠራበት ይገባል። ሦስተኛ፥ ቃሉም አሠራሩም ሊገባ ይገባል። አራተኛ፥ ገጹ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ መሣሪያ፥ ነገ በሚመጣውም ጭምር፥ ሳይሰበር ሊከፈት ይገባል። ደረጃዎቹም ሦስት ናቸው፤ ብዙ መንግሥታት ለመሥሪያ ቤቶቻቸው ግዴታ ያደረጉት መካከለኛውን ነው።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀርባችሁ በምሳሌ ላስረዳ። በመካከለኛው ደረጃ መሠረት በጽሑፉ ቀለምና በመደቡ ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል 21 ለ1 ነው። አንዳንድ ሰዎች ለውበት ብለው በነጭ መደብ ላይ የሚያኖሩት ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ከዚህ ልክ በታች ይወድቃል፤ ዓይናቸው የደከመ አዛውንትም ሊያነቡት አይችሉም። ጽሑፉ በእጥፍ ሲተልቅ ገጹ ሊበታተን አይገባም። ማውስ ለመያዝ እጁ የማይታዘዝለት ሰው በመጻፊያው ቁልፎች ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጓዝ ይገባዋል። ትርጉም ያለው ሥዕል ሁሉ ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይኑረው፤ የሚነገር ቪዲዮም መስማት ለተሳነው ሰው ንግግሩ በጽሑፍ ይውጣለት። ቅጽ በተሳሳተ ጊዜ ስሕተት ያለበትን ቦታ በቀይ መቀባት ብቻ አይበቃም፤ ቀይን ከአረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች አሉና፥ የትኛው ቦታ እንደ ተሳሳተ፥ መታረሚያውም የሚታወቅ ሲሆን እንዴት እንደሚታረም፥ በቃል ሊነገር ይገባል።

ብዙ አገሮች ይህን ነገር ለመሥሪያ ቤቶች በጎ ፈቃድ አልተዉትም፤ ሕግ አደረጉት። በአሜሪካ በ1998 የተሻሻለው የመልሶ ማቋቋም ሕግ 508ኛው ክፍል የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ መረጃቸውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲያመቻቹ አስገደደ። በ2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹ ለሕዝብ የሚጽፉትን ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያዝዝ ሌላ ሕግ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ባወጣው መመሪያ የአባል አገሮች የመንግሥት ድረ ገጾች ሁሉ እስከ መስከረም 2020 ድረስ በመስፈርቱ እንዲሠሩ ቀን ቆረጠ። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በገጹ ላይ ምን እንደ ጎደለው በግልጽ ጽፎ እንዲያስታውቅ፥ አቤቱታ የሚቀበልበትንም መንገድ እንዲያመለክት አዘዘ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ እጅግ የሚያስመሰግን ይመስለኛል። ጉድለቱን በገዛ እጁ ጽፎ በደጃፉ ላይ የሰቀለ መሥሪያ ቤት፥ ያን ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሊታገሠው አይችልምና።

ሕግ መኖሩ ምን እንደሚረዳ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከአውስትራሊያ ልጥቀስ። በ2000 የኦሊምፒክ ጨዋታ በሲድኒ ከተማ ሲዘጋጅ፥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ የቆመው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጨዋታው የሚናገር ድረ ገጽ ነበረው። ብሩስ ማጉዋየር የተባሉ አንድ ዓይነ ስውር ሰው የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ በብሬል እያዳሰሱ ያነቡ ነበር፤ በኮሚቴው ገጽ ላይ ያሉት ሥዕሎች ግን መግለጫ ጽሑፍ ስለሌላቸው፥ የውድድሩም ማውጫና የውጤቱ ሠንጠረዥ ስላልተመቻቸላቸው፥ በ1999 አቤቱታቸውን ለአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚቴው ሥራው ብዙ ጊዜና ብዙ ወጪ ይጠይቃል ብሎ ተከራከረ፤ የሙያ ምስክሮች ግን የተባለውን ያህል ከባድ አለመሆኑን አስረዱ። ኮሚሽኑም በነሐሴ 2000 አድልዎ ተፈጽሟል ብሎ ፈረደ፤ ጨዋታው ሳይጀመር ገጹ እንዲታረም አዘዘ። ኮሚቴው ትእዛዙን በሙሉ ባለመፈጸሙ በኅዳር ወር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት። ካሣው ተወሰነ፤ ጨዋታው ግን አልፎ ነበር። የእኛም መምህር የምዝገባው ቀን እንዲሁ አልፎበታል። ያለፈን ቀን ገንዘብ አይመልሰውም፤ ስለዚህ መልካም አስተዳደር ካሣ የሚከፍለው ሳይሆን አስቀድሞ የሚያሰናዳው ነው።

መስፈርት ግን ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የወጣ አይምሰላችሁ። በዚህ ረገድ ብሪታንያ የሠራችው ሥራ ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ትምህርት ይሆናል። በዚያች አገር እያንዳንዱ ሚኒስቴርና ድርጅት የየራሱ ድረ ገጽ ነበረው፤ አንድ ዜጋ የሚፈልገውን ለማግኘት የመንግሥቱን አከፋፈል አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልገው ነበር። በ2010 ማርታ ሌን ፎክስ የተባሉ ሴት ነገሩን መርምረው፥ ጥቂት መጠጋገን እንደማይበቃና ሥራው ከሥር መለወጥ እንዳለበት ለሚኒስትሩ ጻፉ። በ2011 ይህን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በጥቅምት 2012 ለዜጎችና ለነጋዴዎች ለየብቻ የነበሩት ሁለት ትልልቅ ገጾች ተዘግተው አንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ተከፈተ፤ በ2013 ደግሞ ሃያ አራቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ወደዚያ ገቡ። የሥራው መሠረት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «መሥሪያ ቤቱ ምን መናገር ይፈልጋል» ሳይሆን «ባለጉዳዩ ምን ሊፈጽም መጥቷል» የሚል። መስፈርቱ በ2019 ሲሻሻል ዐሥራ አራት ነጥቦች ያሉት ሆኗል፤ የመጀመሪያውም ነጥብ ባለጉዳዩንና ችግሩን ማወቅ ነው።

የሚገርመው ይህ ሥራ በመልኩ እጅግ ተራ መሆኑ ነው። የሚኒስትሮች ትልልቅ ፎቶግራፍ፥ የሚንቀሳቀስ ማስታወቂያ፥ የሚያብለጨልጭ ጌጥ በፊተኛው ገጽ አልተደረደረም። የበዓላትን ቀን የሚፈልግ ሰው የበዓላቱን ገጽ ሲከፍት የሚቀጥለው በዓል መቼ እንደ ሆነ ከላይ በትልቁ ተጽፎ ያገኛል፤ አንብቦ ይሄዳል። የተመረጠለት ፊደልም ማርጋሬት ካልቨርትና ጆክ ኪኔር ለብሪታንያ የመንገድ ምልክቶች ከሠሩት ፊደል የመጣ ነው። ያ ፊደል የተሠራው በፍጥነት የሚያልፍ ሾፌር በአንድ አፍታ እንዲያነበው ነበር። ባለጉዳይም እንዲሁ መንገደኛ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው መንገዱን ጠይቆ ሊያልፍ እንጂ ሊቀመጥ አይደለም። ይህ ያልተጌጠ ገጽ በ2013 በለንደን የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ተብሎ ተሸለመ።

በዚያው ዓመት ደግሞ አሜሪካ ተቃራኒውን ትምህርት ሰጠች። በጥቅምት 1 ቀን 2013 የጤና መድን ለመግዛት የሚያገለግለው የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ በታላቅ ተስፋ ተከፈተ። ሕዝቡ በብዛት መጣ፤ ገጹ ግን ሊሸከመው አልቻለም። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻ የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ በኋላ በምክር ቤቱ ኮሚቴ በኩል የወጡ ማስታወሻዎች ገለጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ሰዎች የመድኑን ዓይነትና ዋጋ ገና ከማየታቸው በፊት ሙሉ መዝገብ እንዲከፍቱ መገደዳቸው ነበር፤ ሁሉም ሰው በአንዲት ጠባብ በር ተጨናነቀ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ብዙ ተቋራጮች ከፋፍለው የሠሩት ሥራ እንደ አንድ ሆኖ በሚገባ ሳይፈተን ለሕዝብ መከፈቱ ነው። ከሁለት ወር ብርቱ ጥገና በኋላ ነገሩ ተቃና። እኛም ከዚህ የምንማረው፥ ዋጋ ሳንነግር መዝገብ ክፈት አለማለትንና በሰው ሳናስሞክር ደጃፍ አለመክፈትን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አገራችን ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ ዘጠነኛው አንቀጽ መረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን መንግሥታትን ያስገድዳል። ከዚያ በፊትም በ2000 ዓ.ም. ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቷል። እንግዲህ የሥራ ማስታወቂያን በሥዕል ብቻ መለጠፍ አዋጁን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው በር እንደ መዝጋት ይሆናል።

ከዓለሙ መስፈርት በላይ ደግሞ የእኛ የብቻችን የሆኑ ነገሮች አሉ፤ ከሌላ አገር የተቀዳ ገጽ አያውቃቸውም። መጀመሪያው ፊደላችን ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ፊደል ሠሪ የግዕዝን ፊደላት በየፈቀደው ቁጥር ያኖራቸው ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የታወቀ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊፈለግ፥ ሊገለበጥ፥ በድምፅም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍን በሥዕል መለጠፍ ወይም በአሮጌው ሥርዓት መጻፍ፥ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ገጹም ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በውስጥ ምልክቱ ሊያስታውቅ ይገባል፤ ያለዚያ የሚያነበው መሣሪያ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፥ ወይም ይዘለዋል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይጽፋል፥ ሌላው «ስራ»፤ አንዱ «ዓመት»፥ ሌላው «አመት»። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያልታዘዘ መፈለጊያ ማስታወቂያው በመደርደሪያው ላይ እያለ «አልተገኘም» ብሎ ባለጉዳዩን ይመልሰዋል። ሦስተኛው የቀን ነገር ነው። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ቅጽ በጳጉሜን የተወለደውን ሰው የልደት ቀኑን እንዲዋሽ ያስገድደዋል። «እስከ 11:00» ብሎ የሚዘጋ ማስታወቂያም የእኛን ሰዓት ይሁን የፈረንጁን ካልገለጸ፥ አንዱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ፥ ሌላው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። አራተኛው የስም ነገር ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ለእኛ አይስማማም፤ የእኛ ስም የራስ፥ የአባትና የአያት ነው። ቦታው በዚሁ ካልተሰናዳ አንዱ የአባቱን ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል፤ አንድ ሰውም በሁለት መሥሪያ ቤት መዝገብ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚነሡትን መቃወሚያዎች አውቃለሁ። አንዱ «ማኅተምና ፊርማ የሌለበትን ጽሑፍ ማን ያምነዋል» ይላል። ማኅተሙን ማንም አልከለከለም፤ የታተመበት ወረቀት ይለጠፍ፥ ከሥሩ ግን ጽሑፉ በሙሉ በፊደል ይጻፍ። የገጹ እውነተኛነት የሚታወቀው የመንግሥት በሆነው አድራሻው ነው፤ ማኅተምንማ አስመስሎ በሥዕል የሚያወጣ አታላይ ሞልቷል። ሌላው «ወጪው ይበዛል» ይላል። ወጪ የሚበዛው ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በር ለማስፋት ግድግዳ ሲፈርስ ነው፤ አስቀድሞ በፕላኑ ላይ በሩን ሰፋ አድርጎ መንደፍ ብዙ አያስወጣም። ሦስተኛው ደግሞ «ዓይነ ስውራን ስንት ናቸውና ነው» ይላል። ለዚህ መልሱ ቁጥር ሳይሆን እያንዳንዳችን ነን። ዓይናችን ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ እጃችን ተሰብሮ በጨርቅ ይታሰራል፤ በፀሐይ ላይ ቆመን የስልካችን መስታወት ያብረቀርቅብናል፤ እናት ልጇን ታቅፋ በአንድ እጅዋ ትጽፋለች። የወረቀት ፎቶግራፍ ከጽሑፉ ይልቅ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ስለ ሆነ፥ የስልክ ሒሳቡን በጥቂት በጥቂቱ የሚሞላ ሰው አንዲት ማስታወቂያ ለማየት ብሎ ገንዘቡን ያልቅበታል። ለዓይነ ስውሩ የተከፈተ በር ለእነዚህ ሁሉ ይከፈታል።

እንግዲህ ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ፤ ለዚህ በጀት መጠየቅ አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤታችሁን ገጽ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት። ማውሱን ወደ ጎን ትታችሁ፥ በኮምፒዩተሩ ላይ ታብ የተባለውን ቁልፍ ብቻ እየተጫናችሁ ከላይ እስከ ታች ተጓዙበት፤ መንገድ ላይ ከጠፋችሁ ባለጉዳዩም ይጠፋል። ጽሑፉን በእጥፍ አተልቁትና ይነበብ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከማስታወቂያው ላይ አንድ ቃል በጣታችሁ ለመምረጥ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነውና፥ አወጣጡን አርሙ። የመጨረሻው ማስታወቂያ መቼ እንደ ወጣ፥ የተጻፈውም የስልክ ቁጥር የሚነሣ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ከዚያም አንድ ባለጉዳይ፥ ቢቻል አንድ ዓይነ ስውርና አንድ አዛውንት፥ አጠገባችሁ አስቀምጡና ገጹን ሲሠሩበት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አትርዱአቸው፤ ብትረዱአቸው እናንተ በሌላችሁበት ምን እንደሚገጥማቸው አታውቁምና። የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ጻፉት፤ የምታርሙት እርሱን ነው።

በአጻጻፋችሁም እንዲሁ አድርጉ። ከመቅድሙ በፊት ፍሬ ነገሩን አስቀድሙ፤ ማን፥ ምን ይዞ፥ የት፥ እስከ መቼ እንደሚመጣ በመጀመሪያው መሥመር ይነገር። የአንቀጹ ቁጥር ይቆይ። ባለጉዳዩ የሚያነብበው ሕጋችሁን ምን ያህል እንደምታውቁ ለመመርመር አይደለም፤ የሚገባውን ለማግኘት ነው። መስፈርቱን ሁሉ በአንድ ቀን ልትፈጽሙት አትችሉም፤ ያልተፈጸመውን ግን በገጹ ላይ ጽፋችሁ ማስታወቅና እስኪታረም በስልክ የሚረዳ ሰው መመደብ ትችላላችሁ።

ያ መምህር በዚያ ዓመት ሌላ ማስታወቂያ አላገኘም። ዛሬም በቀድሞው ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ የመሥሪያ ቤቶችንም ገጽ በየሳምንቱ እየከፈተ ያዳምጣል። ምናልባት በሚመጣው ሳምንት የሚከፍተው የእናንተን ይሆናል። መሣሪያው «ሥዕል» ብሎ ዝም ይበለው ወይስ ማስታወቂያችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብለት፥ ይህ በእናንተ እጅ ያለ ነገር ነው።